ሰላምታ ለሴኔቱ

ማክሰኞ፣ ማርች 11
ዛሬም ዕቃ ስናሽግ ዋልን፤ ቆመን። ዳላስ አጠገብ፣ ፋርመርስ ብራንች ያለው መጋዘናችን ወንበር የሚባል ነገር አያውቅም። አብራኝ የምታሽገው ሌሊሳ እርጉዝ ናት፣ ስድስተኛ ወሯ። እግሯ አብጧል። ሱፐርቫይዘሩን ወንበር ብትጠይቀው “ፖሊሲያችን አይፈቅድም” አላት። ለወንበር... ፖሊሲ?

ኦስቲን፣ የቴክሳስ ሴኔት ውስጥ፣ የመጋዘን ሠራተኛ ወንበር ይሰጠው የሚል ረቂቅ ሕግ ቀርቧል አሉ። የፈለገ ሰው ሄዶ ኮሚቴው ፊት መናገር ይችላል። ሌሊሳ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። “ይርጉ፣ አንተ ሂድልን። የሰርግ ማይክ ካንተ ሌላ ማን ይይዛል?” እውነቷን ነው። አልተከራከርኩም።

ሐሙስ፣ ማርች 20
ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጡት! ሚስቴ ማህደር በስልኳ ታይም አደረገችኝ። “ይኸው፣ አለቀ። ገና ‘ክቡራንና ክቡራት’ ላይ ነህ።” ሰላምታውን ቁረጠው ትላለች። ነርስ ናት፤ ወግቶ መሄድ ነው የምታውቀው። ትልቅ ሰው ፊት ቆሞ ዘሎ ወደ ጉዳይ ይገባል? አሳዳጊ የበደለው ይበሉኝ?

ረቡዕ፣ ማርች 26
ኦስቲን። አፈርኩ...

ሰብሳቢውን አመሰገንኩ። አባላቱን፣ ቤተሰቦቻቸውን፣ የመረጣቸውን ሕዝብ፣ ያገናኘንን አምላክ። “ወደ ተነሳሁበት ጉዳይ ስመጣ” ስል ደወሉ ጮኸ። “ቴንክ ዩ፣ ሰር” አለ ሰብሳቢው። አለቀ! አብራኝ የመጣችው ሌሊሳ ከኋላ ግንባሯን ያዘች። ለእሷ አልነበር እንዴ የመጣሁት?

ልነሳ ስል አንዲት ሴናተር ሰብሳቢውን አስፈቀደች። ለካ ለጥያቄ የሚሰጥ መልስ ከደቂቃው አይቆጠርም!

“ሥራ ቦታችሁ ወንበር አለ?”

“የለም።”

“ሲደክማችሁ የት ትቀመጣላችሁ?”

“ሽንት ቤት።”

ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል ሳልጨምር ተነሳሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።

ሐሙስ፣ አፕሪል 24
የሴኔቱን ክርክር ከማህደር ጋር በስልክ አየነው። ወይ ጨዋነት! ሊቃወም የተነሳው ሰውዬ፣ ለረቂቁ የምትከራከረውን፣ ያቺኑ እኔን የጠየቀችኝን ሴናተር፣ መጀመሪያ “ሴናተሯ ጥያቄ ይቀበላሉ?” ብሎ ያስፈቅዳል። “እቀበላለሁ” ትላለች። ከዚያ በትህትና ይሞላለጫሉ። ሰውዬው ወጪ፣ ወጪ ሲል “አንድ ምስክር የምንቀመጠው ሽንት ቤት ነው ብሎናል” አለችው። ስሜን አላነሳችም... ይሁን።

ረቂቁ አለፈ! የታችኛው ምክር ቤት ገና ይቀረዋል። ማህደር ሳቀችብኝ። “ለሽንት ቤቱ ድምፅ ሰጡ። ለሰላምታህ ግን ማንም አልሰጠም።”

አርብ፣ ሜይ 2
ሕጉ ገና ነው። አለቆቻችን ግን ወሬው ሳይደርሳቸው አልቀረም። ጠዋት ስንገባ በየጠረጴዛው ወንበር! ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያያል፣ ደፍሮ የሚቀመጥ የለም። “ይርጉ ይናገር!” አሉ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ምስጋናው ሁሉ ምላሴ ላይ ተሰለፈ... የሌሊሳን እግር አየሁ።

“ሌሊሳ፣ ተቀመጪ” አልኩ። በቃ።

ተቀመጠች። ለንግግሬ እንደዚህ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።