ከአፍህ የወጣው ድምፅ

ውድ አርዝቂ፣

ያ ፊልም ሐሙስ ፓሪስ ውስጥ እንደገና ይታያል። ጋዜጣው ስለ እሱ ጻፍ ብሎኛል፤ ላንተ ሳልናገር ለሌላ ሰው መጻፍ ግን አቃተኝ።

የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ስድስት የወንጀል ፊልሞች ላይ ሠርተህ ነበር። በአራቱ ሬሳ ነበርክ፤ በሁለቱ ደግሞ ቢላ ይዞ ከግድግዳ ጥግ የሚወጣ ስም የለሽ ሰው። "እናቴ ስሞት ማየት ሰለቻት" ትለኝ ነበር። በሰባተኛው፣ በዚሁ ሐሙስ በሚታየው፣ የቡና ቤት አስተናጋጅ ሆንክ፤ ለመርማሪው የምትመልሳት አንዲት ዓረፍተ ነገርም ተሰጠችህ። "ሰውየውን አላየሁትም፤ ባየውም ለእርስዎ አልነግርም።"

ያኔ ድምፅ የሚገባው ቀረጻው ካለቀ በኋላ ነበር። ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆመህ፣ የራስህን ከንፈር በመጋረጃው ላይ እያየህ ሦስት ጊዜ አልካት። አዘጋጁ ሙሴ ደልማ አስቆመህ።

"እንደ ጠበቃ ትናገራለህ። ትንሽ ሰበር አድርጋት፤ እንደ አገርህ ሰው።"

"አገሬ ቤልቪል ነው ሙሴ። እዚሁ ፓሪስ፣ እርስዎ ርካሽ ወይን የሚገዙበት ሰፈር።"

ሠራተኞቹ ሳቁ፤ ደልማ አልሳቀም። ካፖርትህን አንስተህ ወጣህ። "ከሦስቱ አንዷን ይወስዳል፤ ምን ምርጫ አለው?" አልከኝ ደጅ ላይ።

ምርጫ ነበረው። በማግስቱ እኔን ጠራኝ። የስቱዲዮ ወሬ የምለቃቅም ጀማሪ ጋዜጠኛ ነበርኩ፤ ከእናትህ አገር፣ ከአልጄሪያ የካቢሊ ተራሮች ከመጣሁ አራት ዓመቴ፣ ፈረንሳይኛዬም ገና ያገር ቤት ቃና ነበረው። "መዝያን፣ አንተ በላት" አለኝ። እምቢ ብል አንዱ ፓሪሳዊ እየቀለደ ይላታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ድምፄን ሲኒማ ቤት ውስጥ መስማት አማረኝ። በአንድ ሙከራ ጨረስኩ።

ፊልሙ ሲወጣ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ እናትህን እማማ ዋርዲያን መሃል አድርገን ተቀመጥን።

"ዛሬስ አይሞትም?" አሉኝ።

"አይሞትም እማማ። ዛሬ ይናገራል።"

ያኔ ልነግርህ ይገባ ነበር። መርማሪው ቡና ቤቱ ውስጥ እስኪገባ አርባ ደቂቃ ነበረኝ፤ እጄን ጉልበቴ ላይ ጨብጬ አሳለፍኩት። መርማሪው ገባ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጠየቀ። አንተ ወደ ፊት ተጠግተህ ከንፈርህን ከመጋረጃው ጋር ታንቀሳቅስ ነበር። ድምፁ መጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከንፈርህ እንደተከፈተ ቀረ።

"እንደ እኔ እኮ ነው የሚናገረው" አሉ እናትህ በቀስታ። "ምኑ ነው የሚያስቃቸው?"

ስንወጣ "የማን ድምፅ ነው?" ብለህ ጠየቅከኝ።

"እንጃ" አልኩህ።

ያቺው አንዲት ቃል፣ በዚያው ቃና፣ እንዳጋለጠችኝ አውቃለሁ። እናትህን ክንዳቸውን ይዘህ ሄድክ፤ ከዚያ በኋላ ካሜራ ፊት አልቆምክም፤ የእኔንም በር አላንኳኳህም።

በፊልሙ መጨረሻ በሚወጡት ስሞች ውስጥ ስምህ አለ፤ የእኔ የለም። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት በጋዜጣዬ፣ በእኔ ስም እንዲህ ተብሎ ይወጣል፦ የአስተናጋጁ ፊት የአርዝቂ ነው፤ አዳራሹን ያሳቀው ድምፅ የእኔ ነው፤ የእሱን ድምፅ ማንም አልሰማም።

የእናትህን ጥያቄም ከሥሩ እንዳለ ጽፌዋለሁ፦ ምኑ ነው የሚያስቃቸው?

ያኔ ጓደኛህ የነበረው፣
መዝያን