የጓድ አስናቀው ፌንጣዎች

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1976

ዝናብ። ከመሳለሚያ እስከ ራጉኤል ጭቃ ብቻ። ደንበኛ ሁሉ ጫማውን እኔ ደጃፍ ጠርጎ ይገባል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይሄዳል። ጥብስ ያዘዘ የለም። የሰቀልኩት ሥጋ ግማሹ ለነገ አደረ።

እትዬ ሠርኬ ግን ሽሮዋ ቶሎ አለቀ። ደስ ብሏት ትዘፍናለች። የሰው ሥጋ ሲያድር ይዘፈናል እንዴ? ስላት ሳቀች።

አንድ ቤት፣ ሁለት ምድጃ። በቀኝ የኔ፣ የእስላም ሥጋ የሚሠራበት። በግራ የሷ፣ ክርስቲያኑ ሽሮውንና ምስሩን የሚበላበት። ቢላችን ለየብቻ፣ ድስታችን ለየብቻ። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ማንኪያ ተምታቶብን አያውቅም። ከባሎቻችን ጋር እንኳ እንዲህ አልተስማማንም።

ለነገ የቀበሌ ስብሰባ አለ። የቀረ ስኳር አይሰጠውም ተብሏል። እንግዲህ ለስኳር ሲባል…


ረቡዕ፣ ሐምሌ 4

ምን ዓይነት ቀን ነው!

ሊቀመንበራችን ጓድ አስናቀው ከወዳጅ አገር ኮርስ ተመልሷል። ወፍሮ መጥቷል። ቆሞ ሲናገር የሸሚዙ ቁልፍ ሊፈናጠር ደርሶ ነበር፤ ፊት የተቀመጥነው ዓይናችንን ስንጠብቅ ዋልን።

«ጓዶች! በሬ ሳር ይፈልጋል፣ ውሃ ይፈልጋል፣ ዓመታት ይፈልጋል። ፌንጣ ግን ሳጥንና የጎመን ቅጠል ይበቃዋል። በወር ተኩል ይደርሳል። ፕሮቲኑም ከበሬ አያንስም!»

ከኋላ አንዱ «ቆዳውስ ለጫማ ይሆናል?» አለ። አዳራሹ በሙሉ ሳል ያዘው። እኔም ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ሳልኩ።

ፌንጣ ልናረባ ነው። ለመብል። አሥረኛው የአብዮት በዓል ከመድረሱ በፊት ከበላይ ጓዶች መጥተው ይቀምሳሉ። የት ይረባል ሲባል ሰውዬው ዙሪያውን አየ፣ አየና… እኔ ላይ ቆመ።

«ካሚላ ጋ። ጓዳዋ ሞቃት ነው። ደግሞ እስላሞች አንበጣ ተፈቅዶላቸዋል ሲባል ሰምቻለሁ።»

ተፈቅዶልናል፣ እውነት ነው። የተፈቀደ ሁሉ ምሳ ነው እንዴ? አህያ መጋለብም ተፈቅዷል።

ሲያበቃ ለብቻዬ ጠራኝ። ከተሳካ ቤቱ በእጅሽ ይቀጥላል አለ። ካልተሳካ የኅብረት ሱቁ መጋዘን ይፈልጋል፣ ጠያቂው ብዙ ነው። ፈገግ ብሎ ነው የተናገረው።

የምሠራውም የምተኛውም እዚሁ ነው። ሌላ ምን አለኝ? እንቅልፍ እምቢ አለኝ ዛሬ።


እሑድ፣ ሐምሌ 15

መጡ። የወጣት ማኅበር በጭነት መኪና ቃሊቲ ሜዳ ወርዶ፣ እየዘመረ ለቅሞ አመጣቸው። ፌንጣን በመዝሙር መያዝ ይቻላል ለካ!

ሳጥኖቹ ከምናለሽ ተራ የመጡ ናቸው፣ ፊታቸው ወንፊት። ጓድ አስናቀው በዓሉን ለማሰብ ውስጣቸው ሳይቀር ቀይ ቀለም አስቀብቷቸዋል። ገና አልደረቀም። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። «ትንሽ ይናፈስ» ብዬ ብለምነው «አንቺ ቀለሙ ነው የጠላሽው ወይስ ዓላማው?» አለኝ።

ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አስሬ ሳጥኖቹን አስገባሁ።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 18

ግማሾቹ ሞተዋል። እግራቸውን ሰቅለው፣ ቀይ ሆነው።

ከእትዬ ሠርኬ ጋር የተረፉትን ወደ ብርቱካን ሳጥን አዛወርናቸው፤ ከምድጃዬ ጀርባ፣ ሙቀት ካለበት። ቀዩን ሳጥን ፊት ለፊት አስቀመጥነው፣ ለጓድ አስናቀው ዓይን። ለተረፉት ከስራቸው እርጥብ አሸዋ አደረግንላቸው፣ እንቁላላቸውን የሚጥሉት አሸዋ ውስጥ ነው ብሏል ራሱ። እሱን እንኳ ተምሮ መጥቷል፣ አልዋሽም።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 8

ተፈለፈሉ! ጉንዳን የሚያካክሉ፣ እንደ ተቆላ ጤፍ የሚፈናጠሩ። እትዬ ሠርኬ አማተበች። እኔም ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ብዙ አየኋቸው።

እውነት ለመናገር ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ከአትክልት ተራ የሚጣል የጎመን ቅጠልና አንድ እፍኝ ፉርሽካ… በቃቸው። ውሃ እንኳ ከቅጠሉ ነው የሚያገኙት። በዚህ ቅጠል በግ አንድ ቀን አይውልም። ይሄን ለጓድ አስናቀው አልነግረውም። ደስታውን ማየት አልችልም።

የሚገርመኝ ሌላ ነው። እኛ አገር ወሎ አንበጣው ሲመጣ አባቴ ቆርቆሮ እየደበደበ ያባርር ነበር። እህሉን በልቶት እንዳይሄድ። ዘንድሮ አንበጣም የለም አሉ፣ የሚበላው ስለሌለ። ከኮምቦልቻ የመጣ ሹፌር ሰው መንገድ ዳር ወድቋል ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ሬዲዮው ስለ በዓሉ መብራት ነው የሚያወራው።

ዛሬ ጓድ አስናቀው ሊያይ መጣ። ከትልልቆቹ አንዱን ጠብሼ አቀረብኩለት። ሆዴን አሞኛል አለ። ባለፈው ሳምንትም አሞት ነበር። ፍልሰታ እስኪፈታ ያመዋል። ሚስቱ ራጉኤል ቅዳሴ አትቀርም፣ እሱ ደግሞ ሃይማኖት የለኝም ይላል… ሆዱ ግን ይጾማል።


ሰኞ፣ ነሐሴ 21

የማይቀረው ጥያቄ መጣ። የማን ሥጋ ነው?

ያነሳው የቀበሌው ጸሐፊ ነው። እኔ ከገደልኩት ክርስቲያኑ ጓድ አይበላም። እትዬ ሠርኬ ከገደለችው እስላሙ ጓድ አይነካም። ሼሁ ጋ ሄድኩ፤ አንበጣ አይታረድም፣ ሞቶም ይበላል አሉ። እትዬ ሠርኬ ቄሱ ጋ ሄደች። ዮሐንስ በበረሃ የበላው አንበጣ የሚባል ቅጠል ነው እንጂ ይሄ አይደለም፣ ከቤቴ ውጪልኝ አሏት።

ጓድ አስናቀው አሰበበት። እስክሪብቶውን እየነከሰ። ከዚያ «እኩልነት!» አለ። ፌንጣዎቹ ለሁለት ይከፈሉ። ግማሹ የእስላም፣ ግማሹ የክርስቲያን።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ለፌንጣ ሃይማኖት ሰጠን። አንዱ ከሷ ሳጥን ዘሎ የኔ ገባ። «ሰለመ!» ብላ እትዬ ሠርኬ እስክታለቅስ ሳቀች።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 30

ፈጀናቸው። ለዘር ጥቂት ብቻ አስቀረን። እሷ በስመ አብ ብላ የፈላ ውሃ አፈሰሰች፣ እኔ ቢስሚላህ ብዬ። ከዚያ ቀቅለን፣ ክንፍና እግሩን ነቅለን፣ በጨውና በሚጥሚጣ ቆላናቸው። ሽታው… የተቆላ ሽምብራ ይመስላል። ክፉ አይደለም። በሁለት ቆርቆሮ ሞላናቸው፣ የኔ በቀኝ መደርደሪያ፣ የሷ በግራ።

አልቀመስኩም። እሷም አልቀመሰችም። ነገ ዐረፋ ነው፣ ከነገ ወዲያ እንግዶቹ ይመጣሉ። ቤቴ በሁለት ቆርቆሮ ላይ ነው ያለው። ያ ረቢ።


ሐሙስ፣ ጳጉሜ 1

ከየት ልጀምር?

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሽማግሌ ቆሟል፣ ኩታው ትከሻው ላይ እንደ ሚስማር ላይ የተሰቀለ። «ካሚላ» አለኝ። ድምፁን ነው ያወቅሁት። አጎቴ አብዱልሰላም! ያ እኔን በአንድ እጁ አንስቶ በቅሎ ላይ የሚያስቀምጠው ሰውዬ!

ከወሎ የሚመጣ የደከመ ሰው ኬላው ላይ እየወረደ ይመለሳል፤ ለበዓሉ ከተማው እንዳይቆሽሽ ነው አሉ። እሱ ከበግ ጭነት መሃል ተኝቶ አለፈ። የዐረፋ በግ መስሎ ገባ አዲስ አበባ።

ሻይ ሰጠሁት። ዳቦ ገና አልመጣም። ጓዳ አስተኝቼው፣ አሁን በግ ይታረዳል፣ ትንሽ ይታገሱ ብዬ ሶላት ሄድኩ።

ስመለስ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሁለቱ ቆርቆሮዎች ፊቱ ናቸው። ባዶ።

«አጎቴ… ምን አደረጉ?»

«ፌንጣ ነው አይደል? አወቅሁት። አላስቻለኝም ልጄ።»

«የግራው እኮ የክርስቲያን ነበር!»

ቀና ብሎ አየኝ። «ቢስሚላህ ብያለሁ» አለ። ቀስ ብሎ ደግሞ «ጨውሽ በዛ» አለኝ።

ልቆጣ ነበር። አልቻልኩም። እጁን አየሁ፣ የቆርቆሮውን ስር ሲጠርግበት የነበረውን ጣቱን። ከግድግዳው ጋር ተደግፌ አለቀስኩ። ለሱ ይሁን ለቤቱ አላውቅም።

እትዬ ሠርኬ መጥታ ቆርቆሮውን አየች፣ እሱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ነጠላዋን አጣጥፋ ወገቧን ታጠቀች። «ምስር ቀቅይ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ሳምቡሳ። ፌንጣውን ፈጭተን ጠቅልለነዋል ነው የምንለው። ማን ከፍቶ ያያል?»


ዓርብ፣ ጳጉሜ 2

አጎቴን የፌንጣዎቹ ጓዳ ደበቅሁት። እዚያ ማንም ደፍሮ አይገባም።

ጓዶቹ በሦስት መኪና መጡ። ባንዲራ፣ ጭብጨባ፣ ንግግር። ትሪው ተዘረጋ። ሳምቡሳው ያማረ፣ የተጠበሰበት ዘይት ገና የሚንጫጫ። ማንም እጁን አልሰደደም። ሁሉም ስለ ፕሮቲን ያወራል።

ዋናው ጓድ ወደኔ ጠጋ አለ። በዓለም ላይ አምላክ እንደሌለ አሁን ሲያስረዳን የነበረው። በጆሮዬ፣ «እህት… ይሄ የማን ነው?»

«የማን ማለት ጓድ?»

«ማለቴ… ማን ነው የባረከው?»

«ደም የለውም ጓድ። አይታረድም። የሁሉም ነው።»

ተነፈሰ። በዚያው ሰዓት ምክትሉ እትዬ ሠርኬን በጓሮ በር አግኝቷት «ዓርብ ነው… ቅቤ ነክቶታል?» ይላታል። ሌላው ደግሞ ለሚስቱ እንዳይነገር ይለምናል። ዘይት ነው፣ ብሉ ጌታዬ አለቻቸው። ጌታዬ ያለችው አምልጧት ነው፣ እነሱም አላረሟትም።

በሉ። ኧረ በሉ! አንዱ ሲጎርስ ሌላው እንዳይበልጠው ሁለት አነሳ። ዋናው ጓድ ዓይኑን ጨፍኖ አላመጠ። «ጉልበት ይሰማኛል» አለ። በምስር! ጓድ አስናቀውም ሆዱ ድኖ ስድስት በላ። ላብ በላብ ሆኖ «ይሄ ነው! ይሄ ነው!» ይላል። አሳዘነኝ ትንሽ።

ከዚያ ዋናው ጓድ ተነስቶ ተናገረ። ውጤቱ ከታሰበው በላይ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በአንዲት እህት ጓዳ ሊታፈን አይገባም። ስለዚህ ቤቱ በሙሉ ለሞዴል ማርቢያነት ተወስኗል።

ጭብጨባ።

እኔም አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ? ካልተሳካ ቤቱ ይሄዳል ተብዬ ነበር። ከተሳካም ይሄዳል ያለኝ የለም። የምስር ሳምቡሳ ነው ብዬ ልጩህ አልኩ፣ ከጓዳው የአጎቴ ሳል ተሰማ፤ ካገኙት ይመልሱታል… ዋጥኩት።


ማክሰኞ፣ መስከረም 8 ቀን 1977

ወጣን። ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ አጎት። ጓድ አስናቀው እቃ ሲጫን ረዳን። «ታሪክ ሠርተሻል» አለኝ።

ታሪኩን ወስዶ ቤቱን ይመልስልኝ።

የበዓሉ አምፖሎች አሁንም አልወረዱም። ያምራሉ፣ ምን ዋጋ አለው።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

ዛሬ ደህና ተሸጠ።

መሳለሚያ አጠገብ ላስቲክ ወጥረን ነው የምንሠራው። ሥጋ ቀርቷል፣ ሳምቡሳ ብቻ። የማንም ምድጃ የማንም አይደለም አሁን፣ ምስሩ ሃይማኖት ስለማይጠይቅ። የምንተኛው የእትዬ ሠርኬ ዘመድ ቤት፣ ተጣብበን። ክረምት ሲመጣ ምን እንደምንሆን አላውቅም። አጎቴ ሽንኩርት ይልጣል። ጉንጩ ትንሽ ሞላ፤ ሰው መምሰል ጀምሯል።

ሬዲዮው አሁን ስለ ድርቅ አወራ። ፈረንጅ አይቶት ነው አሉ። አጎቴ ቢላውን አስቀምጦ አዳመጠ። «አሁን ሰሙ?» አለ። ደግሞ አንስቶ መላጡን ቀጠለ። ሚስቱ ሐምሌ ላይ ነው የሞተችው።

ከሰዓት በኋላ ማን መጣ? ጓድ አስናቀው። ከስቷል። ፊት ለፊቴ ቆሞ ትሪውን ያያል።

«ሥራው እንዴት ነው ጓድ?»

«ሳጥኑን አሳደስነው፣ እንደ አዲስ ቀይ አስቀባነው… ምን እንደነካቸው እንጃ። አለቁ።» ዛሬ ዓርብ እንዳልሆነ በጣቱ ሲያሰላ አየሁት። «ያኔ የሠራሽው ዓይነት… የፌንጣው የለሽም?»

«ፌንጣው እናንተ ጋ ነው የቀረው ጓድ። ይሄ የምስር ነው።»

አንድ አነሳ። ቀስ ብሎ አላመጠ። ራሱን ነቀነቀ፣ ከልቡ አዝኖ።

«ጥሩ ነው። ግን የዚያን ቀኑን አያህልም። ፌንጣው ይሻል ነበር።»

እትዬ ሠርኬ በሳቅ ዘይቱ ላይ እንዳትወድቅ ዞረች። እኔ ከንፈሬን ነከስኩ። አጎቴ ግን ከሽንኩርቱ ቀና አለ፣ ዓይኑ እያለቀሰ፣ አልሳቀም።

«እውነቱን ነው» አለ። «ይሻል ነበር።»