ደፍ የሌለው ክፍል

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? «ደኅና ነኝ» ብቻ ብለው እንደሚመልሱልኝ ስለማውቅ ጎረቤትዎንም ጠይቄያታለሁ። ደረጃው ላይ አዳልጦዎት መውደቅዎን ነግራኛለች። እባክዎ እሷን አይቆጧት፤ አስጨንቄ ነው ያናገርኳት። እኛ ሁላችንም ጤና ነን። ትልቋ ልጅ ቁመቷ እኔን ልትደርስ ነው፤ ትንሹ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲስቅ በሩ የተከፈተ ቤት ይመስላል። ባለቤቴም ያው አውቶቡሱን እየነዳ ነው፤ ሰላም በይልኝ ብሎኛል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ቤት ሥራ ነው። ዕድሜዎን ሙሉ ሲገነቡ ኖረው ከእርስዎ ሌላ ማንን ላማክር? ከጓሮ በኩል፣ ልብስ የምናሰጣበት ቦታ ላይ፣ አንድ ክፍል ልንጨምር ነው። ለእንግዳ።

ያጠራቀምናት ገንዘብ ብዙ ባትሆንም ለአንድ ክፍል ትበቃለች ብለን ነው። የፈራሁት የጎረቤታችን ነገር እንዳይደርስብን ነበር። ሰውዬው ዋጋውን በደንብ ሳያጣራ ጀምሮ፣ ግንቡ መስኮት ጋ ሲደርስ ገንዘቡ አለቀበት። አሁን እዚያ ውስጥ ሣር በቅሎ ድመቶች ይተኙበታል። ስለዚህ ገና ሲታሰብ ባለቤቴን፣ ሦስት ሰው ሳናነጋግር ለማንም ሰባራ ሳንቲም አንሰጥም አልኩት። እሺ አለኝ። እሺ ማለትማ መች ያቅተዋል።

መጀመሪያ የመጣው ስሙ የገነነ ኮንትራክተር ነው። ከመኪናው ወርዶ የግቢው በር ላይ ቆመና ጓሮውን ገልመጥ አድርጎ ዋጋ ጠራ። ሜትር አልያዙም እንዴ ብዬ ብጠይቀው፣ ዓይኔ ሜትር ነው አለኝ። እርስዎ ቢኖሩ ምን እንደሚሉት እያሰብኩ ሳቄን ዋጥኩት። የጠራው ዋጋ ካለን በእጥፍ ይበልጣል።

ሁለተኛው ወጣት ነው፤ ንግግሩ ማር፣ ጫማው አቧራ ነክቶት የማያውቅ። ክፍሉን ከነመጋረጃው በስልኩ ላይ ስሎ አሳየን። ዋጋው ደግሞ ካሰብነው በታች ሆነ። ባለቤቴ ልቡ ጠፋ፤ ዛሬውኑ ቀብድ እንስጠውና እንገላገል፣ ነገ ሌላ ሰው ይወስድብናል ማለት ጀመረ። እኔ ግን ልጁን መጠየቅ ያዝኩ። ጣሪያው ሒሳቡ ውስጥ አለ ወይ? ለብቻ ነው አለ። ልስኑስ? እሱም ለብቻ። በሩ፣ መስኮቱ፣ ቧንቧውስ? ሁሉም ለብቻ ለብቻ። ለካ ዋጋው የባዶ ግድግዳ ኖሯል። ስንደምረው የመጀመሪያውን ሰው አልፎት ቁጭ አለ። ባለቤቴ ያወጣውን ገንዘብ ወደ ኪሱ መለሰ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቀብድ ትንፍሽ አላለም።

ያን ዕለት አንድ ነገር ገባኝ። ባለቤቴ ለአንደኛው ስለ ሳሎን አውርቶለታል፤ እኔ ደግሞ ለሌላው ስለ መኝታ ቤት። እኛ የምንፈልገውን ሳናውቅ ሰው እንዴት ብሎ ልክ ዋጋ ይንገረን? እሁድ ከሰዓት ልጆቹን ወደ ውጭ ሰደን፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር እንድንነግራቸው ቁጭ ብለን ተነጋገርን።

መነጋገሩ ወደ ጭቅጭቅ ሄደ። እሱ ወለሉ እንደ ዋናው ቤት ከፍ ብሎ ደረጃ ይኑረው፣ ሰፊ መስኮት ወደ መንገድ ይውጣለት አለ። እኔ ወለሉ ከመሬት እኩል ይሁን፣ በሩ ደፍ አይኑረው፣ ሰፋ ይበል፣ መፀዳጃና መታጠቢያው እዚያው ውስጥ ይሁን፣ መስኮቱም የተቀመጠ ሰው ጓሮውን እንዲያይበት ዝቅ ይበል አልኩ። ደረጃ የሌለው ቤት መጋዘን ይመስላል፣ ለአንድ ሰሞን እንግዳ ደግሞ የእኛው መፀዳጃ ምን አነሰው ብሎ ተከራከረኝ። ድምፄን ከፍ አደረግሁበት። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደረጃ እንዴት ይወጣል አልኩት።

ያን ጊዜ እንግዳው ማን እንደሆነ ገባው።

«ለምን አስቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አለኝ።

«እምቢ ብትለኝስ ብዬ ነው» አልኩት።

ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ተከትዬው ብወጣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆሞ ወዲያ ወዲህ ያያል። የጠዋት ፀሐይ በየት በኩል እንደሚገባ እያየሁ ነው አለኝ። መስኮቱን ወደዚያ ያዞረው እሱ ነው። መታጠቢያው ውስጥ የብረት መያዣ ይኑር ያለውም እሱ ነው፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። አባቴ፣ ጥሩ ሰው ነው ያገባሁት።

ሦስተኛዋ ሴት ግንበኛ ናት፤ ጎልማሳ፣ ቁጥብ። ሜትሯን ዘርግታ ለካች፤ አፈሩን በዶማ ቆፈር አድርጋ አየች። የምንፈልገውን ስነግራት ማን ሊተኛበት ነው ብላ ጠየቀችኝ። እንግዳ ነው አልኳት።

«ለእንግዳ ብሎ ደፍ የሚያስቀር ሰው አላየሁም» አለችና ፈገግ ብላ መለካቷን ቀጠለች።

ዋጋዋ ካለን ትንሽ በለጥ አለ። ቀንሺልን ብዬ ስከራከራት፣ ከሲሚንቶው ላይ አልቀንስም አለች። ይልቅ የወጥ ቤቱን ግድግዳ እንጠቀምና ሦስት ብቻ እንገንባ፣ ውኃውንም ከዚያው እናሳልፈው፣ ሴራሚኩ ለጊዜው ይቅርና ወለሉ በሲሚንቶ ይለስልስ ብላ ካለን ጋር አገጣጠመችው። እኔም በቃሏ ብቻ አላመንኩም፤ ከዚህ በፊት የሠራችው ቤት ሄጄ አየሁ። ባለቤቲቱ፣ ከቀጠሮዋ ዘግይታብኛለች፣ ነገር ግን ከተስማማነው በላይ አልጠየቀችኝም አለችኝ። ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት። ክፍያውንም ሥራው በደረሰበት ልክ ልንሰጣት ተስማማን፤ መጀመሪያ መሠረቱ፣ ከዚያ ግድግዳው፣ ከዚያ ጣሪያው፣ የቀረው ቁልፍ ስንቀበል።

አንድ ያስቸገረን የባለቤቴ አክስት ልጅ ነው። በያጅ መሆኑን ያውቃሉ፤ ቤትም እሠራለሁ ይላል። ሥጋ እያለ ባዳ ይጠራል ወይ ብሎ አኮረፈ፤ አማቴም ደውላ ወቀሰችን። ባለቤቴ ሊሸነፍ ምንም አልቀረው። በመጨረሻ ጠርተነው፣ በሩንና መስኮቱን አንተ ሥራልን፣ ግንቡን ግን ለግንበኛዋ ሰጥተናል አልነው። እያጉረመረመ ለካ። የበሩን ስፋት ሲያይ፣ በሬ ልታስገቡ ነው እንዴ ብሎ አሳቀን። ሲሄድ ኩርፊያው ለቆት ነበር።

እንግዲህ አንድ ልመና አለኝ። ሥራው በመጪው ወር ይጀመራል፤ እኛ ቀን ቀን ሥራ ላይ ነን። አሸዋና ሲሚንቶው በልኩ መቀላቀሉን፣ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይልን የራሳችን ሰው የለንም። ግንበኛዋን ጠይቄያት፣ ሥራ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል ብላለች። አምና «ሰው ቤት ሄጄ አልከብድም» ያሉኝን አልረሳሁትም። ይኼ ግን ሥራ ነው፤ የምቸገረውም እኔ ነኝ።

ባለቤቴ በዕረፍት ቀኑ መጥቶ ይወስድዎታል። ውኃ ልክዎንና ቱንቢዎን ይያዙ። ወፍራም ልብስዎንም ይጨምሩ፤ ግንባታ መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ቀለሙን ገና አልመረጥንም፤ እርስዎ የሚወዱትን ይንገሩን። የእናቴን ፎቶግራፍም ከግድግዳው አውርደው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውልኝ ይምጡ። ሚስማሩን የት እንደምንመታው ሲመጡ ያሳዩናል።

አምላክ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ መንገድዎን ያቅናልኝ። ልጆቹ ከአሁኑ በር በሩን ማየት ጀምረዋል።

የመጨረሻ ልጅዎ