ተሰፍቶ ስለተመለሰው ኤርባግ

ለተከበሩ አቶ ሸዋንግዛው
የመሥሪያ ቤታችን የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ክፍል ኃላፊ
ጂንካ

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎ እንደጠራ፣ በቀኝ ጆሮዎ ያለው ጩኸትም እንደቀነሰልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የፒክአፑ ሹፌር ዶላሞ፣ ከሥራ ከመታገዴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉዳዩ በየባጃጁ እየተወራ ስለሆነ፣ እውነቱ በጽሑፍ ቢቀመጥ ለክብርዎ ይበጃል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

1. ከዲመካ ስመለስ የኤርባጉ (በግጭት ጊዜ ከመሪው ውስጥ ተነፍቶ የሚወጣው ከረጢት) መብራት በርቶ አልጠፋ ማለቱን ባመለከትኩ ጊዜ፣ ወዲያውኑ ጥቁር ፕላስተር ለጥፈው ስለሸፈኑልኝ አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ በእርግጥም መብራት አላየሁም።

2. መካኒካችን ወይዘሪት የሺሃረግ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የሚፈነዳ ነገር ነው። የባትሪው ገመድ ይነቀል፣ አሥር ደቂቃ ይጠበቅ፣ ከዚያ በመመርመሪያው ማሽን እናየዋለን። ምናልባት መንገዱ ከወንበሩ ሥር ያለውን ሶኬት አላልቶት ይሆናል» ስትልዎ፣ «አየር ለመንካት አሥር ደቂቃ? እኔ መኪና ስነዳ አንቺ መቼ ተወለድሽ!» ብለው ስላስተማሯት ምስጋናችን ወሰን የለውም። የባትሪው ገመድ ሳይነቀል መሪውን በገዛ እጅዎ ፈተው፣ የመፈተሻ አምፖሉን ሽቦ የኤርባጉ ሶኬት ውስጥ ሲከቱ ያሳዩት ቆራጥነት ከግቢያችን አይረሳም። ኤርባጉ ሲፈነዳ፣ የገበያው ሰው የጭነት መኪና ጎማ መስሎት ነበር። ባርኔጣዎን ጥበቃው አቶ አሕመድ ከማንጎው ዛፍ ላይ በእንጨት አወረዱት። እርስዎም ከከረጢቱ የወጣ ነጭ ዱቄት ለብሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ትእዛዝ ሳይሰጡ ተቀምጠው አየንዎ። እውነቱን ለመናገር፣ የሞቱ መስሎኝ ነበር። ጎትታ ያወጣችዎና ዓይንዎን በውኃ ያጠበችልዎ የሺሃረግ ናት።

3. በማግስቱ ለዚህችው ልጅ «ኃላፊዋን ባለመቆጣጠሯ» የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉላት። ደብዳቤው በጣም ጨዋ ነው፤ ማኅተሙም አልደበዘዘም።

4. ኤርባግ አንዴ ከፈነዳ በአዲስ እንደሚተካ እንጂ እንደማይጠገን ብትነግርዎም፣ «የመንግሥት ንብረት እንዴት አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል?» ብለው ከረጢቱን አጥፌ ወደ ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ሙሉሽ እንድወስድ አዘዙኝ። ወይዘሮዋ እያገላበጡ፣ «ለምንድን ነው የሚሆነው?» ብለው ጠየቁኝ። «መኪና ሲጋጭ ሰው እንዳይሞት» አልኳቸው። መርፌውን አስቀመጡና፣ «በእኔ ክር?» አሉ። ሆኖም በትእዛዙ ወረቀት ላይ የእርስዎን ፊርማ ስላዩ ሰፉት፤ ሲጨርሱም በላዩ ጸለዩበት።

5. ከዚያም የተሰፋው ከረጢት መሪው ውስጥ ተመልሶ ገባና፣ ሦስት የክትባት ባለሙያዎች ይዤ ኦሞራቴ እንድሄድና «ተሽከርካሪው በአስተማማኝ ሁኔታ ተጠግኗል» በሚለው ወረቀት ላይ እንድፈርም ታዘዝኩ። እጄ እምቢ አለ። ባለሙያዎቹም ወረቀቱን ተቀባብለው ካነበቡ በኋላ ዕቃቸውን እየያዙ አንድ በአንድ ወረዱ። እኔ ታገድኩ፤ መኪናው ቆመ፤ አራታችንም በሕይወት አለን።

ስለዚህ የየሺሃረግ ማስጠንቀቂያ እንዲነሳላትና አዲስ ኤርባግ እንዲጠየቅ፣ እርሷም ደንቡን ጠብቃ እንድትገጥመው፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ አመለክታለሁ።

የሚነገርዎን ደህና አድርገው የሚሰሙበትን ቀን ከልብ በመመኘት፣

ከአንዲት ቀን በቀር ሁልጊዜ ታዛዥዎ የነበረው፣
ሹፌር ዶላሞ

የተረሳ ነገር፦ ኦሞራቴ ለመሄድ የግድ ካለብዎ፣ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያገኛሉ። ያረጀ ነው፤ ኤርባግ የለውም። አለኝ ብሎም አይፈርምም።