ፍንጭቷን አደራ ብላኝ ነበር

ሰኞ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2010

ከማለዳው ሙቀት። ሦስት የጀሶ ሞዴል አፈሰስኩ፣ የአንድ ሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሞረድኩ። ደህና ቀን ነበር... እስከ አራት ሰዓት። ከዚያ አይሱዙው መጣ። አዲሷ ቴክኒሻን የአብስራ ስምንት ወር አዲስ አበባ ሠልጥና ባለፈው ሳምንት ገባች፣ ዛሬ ደግሞ ማሽኖቿ ተከተሏት። ዶክተር አበጋዝ በር ድረስ ወጥቶ እንደ ሙሽራ ተቀበላቸው። ሙቀት አይችሉም ተብሎ ቬንትሌተር ያለበት የእኔ ክፍል ተሰጣቸው። እኔና ጀሶዬ ከጄኔሬተሩ አጠገብ። እኔ ሙቀት እችላለሁ ማለት ነው? በዚህ ክሊኒክ አሥራ ስድስት ዓመት የጥርስ ቴክኒሻን ሆኜ...

ከሰዓት ሰብሊ መጣች፣ ሲቀላ ሰፈር ባንክ የምትሠራዋ። ለአዲሱ ሥራ የመጀመሪያዋ ደንበኛ። ሽቦ የለ፣ ምን የለ፤ መስታወት በመሰለ የፕላስቲክ ሽፋን ጥርስ ይስተካከላል። የላይ ጥርሷ አንዷ ደርባ በቅላለች። ልኳን የወሰድኩላት እኔ ነኝ። እሱ እንኳ ገና የእኔ ነው፣ እግዜር ይመስገን። የልክ መውሰጃው ሊጥ ከአፏ እንደወጣ መጀመሪያ ያለችኝ፦ «ጋሼ፣ ይቺን ደርባ የበቀለችውን ብቻ። ፍንጭቴን እንዳትነኩብኝ፣ አደራ! የእማዬ ናት።» እናቷን ወለቴን አውቃቸዋለሁ፣ የዶርዜ ሴት ናቸው፤ ሲስቁ ፍንጭታቸው ነው ቀድሞ የሚታየው።

«በኔ ይሁንብሽ» አልኳት። ቅጹ ላይ ለእንዲህ ዓይነት ነገር መጻፊያ ቦታ የለም። ለየአብስራ በቃል እነግራታለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ጀሶው ደረቀ፣ ወሰድኩላት። ስካነሩ ላይ አስቀመጠችው። ዞረ፣ ዞረ፣ ብርሃኑ ዳሰሰው... የሰብሊ ጥርስ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ! ከዚያ እያንዳንዱን ጥርስ ከጎረቤቱ ለየችው። በማውስ ትይዘዋለች፣ ትገፋዋለች፣ ታዞረዋለች።

«ጋሽ ፈቃደ፣ ይዩት! በአንድ ሽፋን ከሩብ ሚሊሜትር በላይ አንገፋም፣ ጥርሱ ይታመማል። ስለዚህ መንገዱን አሥራ አራት ቦታ ከፈልኩት። አሥራ አራት ሽፋን፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ።»

ሩብ ሚሊሜትር! እኔ ሽቦ ሳጠብቅ በጣቴ የማውቃትን እሷ በቁጥር ታነባታለች። ቀናሁ። ለምን እዋሻለሁ? ይህን ደብተር የማየው እኔው ብቻ።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ ፊልም አሳየችኝ። ደራቢዋ ቀስ እያለች ገባች። ፍንጭቱም... ተዘጋ። «ቦታ ያገኘሁላት ከዚህ ነው» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። ልነግራት ነበር፣ እውነቴን ነው። በዚያው ዶክተር እንግዶች ይዞ ገባ። እሷን በስሟ፣ በሥልጠናዋ አስተዋወቀ። እኔንስ? «እሱ ጀሶ ያቦካልናል።» ሳቁ። እሷም ፈገግ አለች፣ አይቻለሁ።

አፌን ገጠምኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

አልነገርኳትም። ዶክተር ዲዛይኑን አይቶ አጸደቀ። ሁለቱም አዋቂዎች አይደሉ? ዝም አይነቅዝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21

ሞዴሎቹ ታትመው አለቁ። ማሽኑ ፈሳሹን በብርሃን እያደረቀ፣ ስስ በስስ እየደረበ ያወጣቸዋል። ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶ ሁለት ጊዜ ሥራው ተበላሸ። ደስ አለኝ። ትልቅ ሰው ሆኜ!

ሽፋኑን መሥራት ግን ያለ እኔ አልሆነላትም። ፕላስቲኩ ሙቀት ላይ ለስልሶ መርገብ ሲጀምር ሞዴሉ ላይ ይጣላል፣ ማሽኑ አየሩን ከሥር ሲመጠው ጥርሱ ላይ ልጥፍ ይላል። ሲበርድ ይላቀቃል፣ በድዱ ልክ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ይሞረዳል። የእሷ ጠርዝ ምላስ ይቆርጣል። የእኔን በጣቷ ዳሰሰችና «ውይ ጋሽ ፈቃደ፣ እጅዎን ይባርከው!» አለች። ለምን ትመርቀኛለች? ብትንቀኝ ይቀለኝ ነበር።

አሥራ አራቱን ሞዴሎች በተራ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። አንደኛው ላይ ፍንጭቷ አለች። ሦስተኛው ላይ ጠበበች። አምስተኛው ላይ ክር ታህላለች። ሰባተኛው ላይ የለችም። ቁጥር የጻፍኩባቸው እኔ ነኝ። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር... ምን አገባኝ?

ሰኞ፣ ኅዳር 4

ሰብሊ የመጀመሪያውን ሽፋን አጠለቀች። ለምግብ ብቻ ነው የሚወልቀው። ስትወጣ በሩ ላይ «ጋሼ፣ አደራዬን አልረሱም አይደል?» ብላ ሳቀችልኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቅ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 7

ከምዕራብ ዓባያ ድረስ አንድ ሰውዬ ሴት ልጁን ይዞ መጣ። እኔ ወንበር ሳቀርብለት «ኮምፒውተር ያላት ልጅ የለችም?» አለኝ። የለችም ብዬ ልመልሰው ምንም አልቀረኝም። ቤት ስገባ ደግሞ ባለቤቴ ሙሉዬ፦ «ያቺ የእናንተዋ ልጅ ጎበዝ ናት አሉ፣ የሴቻ ሰፈር ሁሉ ያወራል።» እራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

«ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው፣ ፈቄ» አለችኝ ከኋላዬ። ማን ነገራት? እኔ ምንም አላልኩ።

ሰኞ፣ ጥር 14

ሆነ።

ሰብሊ ለጥምቀት ዶርዜ ወጥታ ነበር። እናቷ አገጯን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሯትና «ፍንጭትሽን ማን ሰረቀሽ?» አሏት። እሷም እየጠበበ መሄዱን አይታ ኖሯል፤ ለጊዜው ነው፣ ይመለሳል ብላ። ዛሬ እያለቀሰች መጣች። «ስስቅ እማዬን ነበር የምመስለው!»

ዶክተር በየአብስራ ላይ ጮኸ። «ማነው ዝጊ ያለሽ?»

«ተዪ ያለኝ የለም ዶክተር። እርስዎም አይተውታል።»

«ኧረ ተናግሬአለሁ! ለጋሼ ፈቃደ ነግሬአቸዋለሁ!» አለች ሰብሊ።

ተጠራሁ። እጄ ጀሶ እንደሆነ ገባሁ። «ነግራሃለች?» ሦስቱም ያዩኛል።

«አላስታውስም» አልኩ።

አላስታውስም!

ማክሰኞ፣ ጥር 15

ዶክተር ወሰነ። ማሽኑ ይቆማል፣ የአብስራ በወሩ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች። ክፍሌ ተመለሰልኝ። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ነበር። ቬንትሌተሩ ሥር ቁጭ ብዬ ላቤ ይወርዳል።

ዕቃዋን ስትሸክፍ መጣችብኝ። ዓይኗ አብጧል። «ሰብሊ ተሳስታ ነው፣ ጋሽ ፈቃደ። አይክፋዎት። እርስዎማ ቢነገርዎት ኖሮ ይነግሩኝ ነበር።»

ምነው ብትሰድበኝ!

ሐሙስ፣ ጥር 17

ምሳ ሰዓት ላይ ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለበጥኩ። ጥቅምት 6። «አደራ!» ብላኛለች። «በኔ ይሁንብሽ» ብያታለሁ። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ገጹን ልቅደደው? ያዝኩት... ብቀደውስ ማንን ላታልል?

አደራ በላ ሆንኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል።

ዓርብ፣ ጥር 18

ተናገርኩ። ጠዋት፣ ዶክተርና የአብስራ ባሉበት፣ ቆሜ። «ነግራኛለች። ስክሪኑ ላይም ሲዘጋ አይቻለሁ። ሆን ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ዶክተር «አሥራ ስድስት ዓመት ያመንኩህ ሰው...» አለ። አላባረረኝም። የአብስራ ትቀራለች፣ እኔ ወደ ጄኔሬተሩ። ለሰብሊ ግን ራስህ ሄደህ ንገራት አለኝ።

የአብስራ ተከትላኝ ወጣች። «አብረን ስንት ቀን ምሳ በላን?» አለችኝ። አልቆጠርኩም። ስክሪኑ ላይ አይቼ ዝም ካልኩ በኋላ ያሉትን ቀናት ሁሉ ማለቷ ነው።

ባንክ ሄድኩ። እንደ ሰው ሁሉ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ በመስኮቷ ጎንበስ ብዬ ነገርኳት። ምን ብዬ እንደጨረስኩ አላስታውስም፣ ይሄን እንኳ እውነቴን ነው። አየችኝ። አፏን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ በላዬ ላይ አሻግራ፦

«ቀጣይ!»

ሰኞ፣ የካቲት 5

ዛሬ እንደገና ተጀመረ። ሰብሊ የድሮዎቹን ሽፋኖች ወደ ኋላ እየቆጠረች ብታደርግ ፍንጭቱ ይመለሳል፤ ግን ደራቢዋም አብራ ትመለሳለች። ስለዚህ አዲስ ልክ፣ አዲስ ዲዛይን። ቦታውን ከጎን ጥርሶቿ መሐል ስስ አድርጎ በመሞረድ እናገኘዋለን፣ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። የአብስራ ሰማችኝ፣ ጻፈችው፣ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። ቅጹ ግርጌ ላይ አዲስ መስመር ገብቷል፦ «ደንበኛው እንዳይነካ የሚፈልገው»።

ቅናቱ ለቀቀኝ ወይ? አለቀቀኝም። ማውሷን ስትይዝ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሰብሊ ከእናቷ ጋር መጣች። ሊጡን አዘጋጅቼ ቀረብኩ። «እሷ ትውሰድልኝ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ። የአብስራ ልክ ወስዳ አታውቅም ማለት ይቻላል፣ ሊጡን ይዛ ከየት እንደምትጀምር አጣች። ከኋላ ሆኜ «ከኋላ ጥርሶቹ ጀምሪ፣ ቀስ ብለሽ ተጫኚ» አልኳት። ደህና ወጣ፣ አንድም የአየር አረፋ አልያዘም።

ሰብሊ አፏን ተጉመጥምጣ የየአብስራን እጅ ያዘች። «ፍንጭቴን፣ አደራ!» ወለቴም ደገሙላት፣ «አደራ ልጄ!» የአብስራ እዚያው ፊታቸው ጻፈችው።

ልኩን ተቀብዬ ወደ ኋላ ወጣሁ፣ ጀሶ አቦካሁ፣ አፈሰስኩ። ሲደርቅ አላቅቄ አየሁት። ፍንጭቷ ክር ታህላለች።

በዚህ ከተማ አሥራ ስድስት ዓመት ሰው አፉን ከፍቶ አደራ የሚለው እኔን ነበር። ዛሬ ማንም አላለኝም።