የጫማሽን ክር ቁረጪው

ለምወድሽ ልጄ ለኑኃሚን፣

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ የምግብ ፍላጎትሽስ እንዴት ነው? የበቆጂ ብርድ እንዴት አደረገሽ? እኔና ወንድምሽ ባሮክ ልደታ ማርያም ክብር ይግባትና ደህና ነን። እግርሽን ግን ለብቻው እጠይቃለሁ። እንዴት ነው? እውነቱን ንገሪኝ።

ሸምሲያ ለአያቷ ለቅሶ መጥታ ትናንት እኛ ቤት ብቅ አለች። አብራሽ የምትኖር ናትና ስለ አንቺ ብጠይቃት ዓይኗን ሰበረች። ስወተውታት፣ «እንዳልነግርዎ ብላኛለች እንጂ የቀኝ ውስጥ እግሯ ተልጧል፤ ካልሲዋ በደም እየተጣበቀ ነው የምታወልቀው። የጫማው ክር ነው። አታድርጊው ስላት፣ እማዬ ለፍታ ያሰፋችው ነው ትለኛለች» አለችኝ።

እውነት ነው፣ አዲሱን ጫማ ሳልልክልሽ ተክለ ሃይማኖት ወስጄ ሶሉን ዙሪያውን አሰፍቼዋለሁ። አዲስ ጫማ ሳይሰፋ ይደረጋል እንዴ ብዬ ነው። የባሮክ ጫማ ዓመት የሚሻገረው እንዲያ ነው። ዛሬ ለጫማ ሰፊው ለዓብዱልሰላም ብነግረው ወስፌውን አስቀምጦ አፈጠጠብኝ። «እትዬ ሠርካዲስ፣ ሯጭ ናት መቼ አሉኝ? እኔማ ለትምህርት ቤት መስሎኝ እንደ ከበሮ ወጠርኩት! የሩጫ ጫማ መተጣጠፍ አለበት» አለኝ። ክሩን ከታች በምላጭ ትቁረጠውና ከውስጥ ትምዘዘው ብሏል። ሙጫው ለጊዜው ይይዛል፣ ቀዳዳው ግን ጭቃ እያስገባ ቶሎ ይጨርሰዋል ሲል አልደበቀኝም። ይለቅ ልጄ። ቁረጪው።

ጫማ እንዲቆይ የሚረዳውን ከአሮጌ የስፖርት መጽሔት አንብቤያለሁ። ስታወልቂ ማሰሪያውን ፍቺ እንጂ ተረከዙን በሌላው እግርሽ አትርገጪ። ሲረጥብ ጋዜጣ ጠቅጥቀሽ ጥላ ላይ አስጪው፣ ምድጃ አታስጠጊው። ገበያ በሸራ ጫማሽ ሂጂ። ይህ ሁሉ ግን እግርሽ ከዳነ በኋላ ነው።

አሁን የምለምንሽ ሌላ ነው። እግርሽን ለአሰልጣኝ ገብረየሱስ አሳዪ። እሑድ የቡድን መምረጫው ውድድር ስለሆነ ያስቀረኛል ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ፤ እኔም እፈራለሁ። ስንት ጠዋት በብርድ የተነሳሽለት ነው። ነገር ግን አባትሽ ሳሉን በጋቢው ጫፍ እያፈነ ደህና ነኝ ሲለኝ፣ እያወቅሁ ዝም አልኩት። ሐኪም ቤት የገባነው ከረፈደ ነው። አንቺን ዝም አልልሽም።

ስልካችሁ እስከ ውድድሩ ስለተሰበሰበ ይህን ነገ የምትመለሰው ሸምሲያ በእጇ ታደርስልሻለች። አደራም ብያታለሁ፤ ይህ በደረሰሽ ዕለት እስከ ማታ ድረስ እግርሽን ለአሰልጣኙ ካላሳየሽው እሷ ትነግረዋለች። እሷን እንዳትቀየሚ። መቀየም ካለብሽ እኔን ተቀየሚኝ።

ባሮክ እንደምን ነሽ ብሎሻል፤ ጫማው ካስቸገራት ለእኔ ትላከው ይላል ቀልደኛው። አከራያችሁን ከነልጆቿ ሰላም በይልኝ። ለአሰልጣኝሽ አክብሮቴን አድርሺ፣ እግርሽን ስታሳዪው።

እናትሽ ሠርካዲስ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.