ዓርብ የቀረበ ቅቤ

ሀገረ ሕይወት፣ ዓርብ ጥቅምት 15 ቀን 1978 ዓ.ም.

ልጄ ጫልቱ ለመንግሥት የምግብ ጥራት ተቆጣጣሪነት የተሰጠውን የጽሑፍ ፈተና አልፋለች። የተግባሩ ፈተና ዛሬ ነበር።

ሦስት ሳህን ቅቤ አቀረቡላት። ሞራ የተቀላቀለበትን መለየት ነበረባት። አሸተተች፣ በመዳፏ አሽታ አየች፣ የመሃሉን አነሳች። ልክ ነበረች። ፈታኙ ኦቦ ዲሪባ ግን "ቅመሺ እንጂ፤ መቅመሱም ነጥብ አለው" አሏት።

"ዛሬ ዓርብ ነው፤ ጾም ነኝ።"

"ቅቤ ልትቆጣጠሪ መጥተሽ?" ብለው ሳቁና የመቅመሱን ነጥብ ሳይሞሉ ተዉት።

ዓርብ ዕለት ወተት የነካ ማንኪያ የማታስነካው ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ጮኸች። "በምላስሽ ጫፍ ነክተሽ እንትፍ ብትይው ምን ነበረበት? ለእንጀራ ነው፤ እግዜር አይቶ እንዳላየ ያልፈው ነበር!"

"እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም እንዴ ያስተማርሽኝ?"

"እቤት ነዋ ያስተማርኩሽ!"

ሳቄን ለመደበቅ ራዲዮኑን ከፈትኩ። ካለፈች ምድቧ ጉደር ነው፤ ጠዋት ሄዳ ማታ እቤቷ ትገባለች። ከወደቀች አጎቷ አሰብ ሥራ ይዞላታል። አሰብን ለጋዜጠኝነት ሥራዬ ተመላልሼ አውቀዋለሁ። የፈራሁት ሙቀቱን ሳይሆን ርቀቱን ነው፤ ይህን ግን አልነገርኳትም።

ኦቦ ዲሪባ እንዳሉት የፈተናው ኮሚቴ ወይ የመቅመሱን ነጥብ ይሰጣታል፣ ወይ ጠርቶ እዚያው ፊቱ ያስቀምሳታል። የሚሰበሰበው ረቡዕ ነው።